የባሻ ይግለጡ ቋጠሮ

ባሻ ይግለጡ መሞታቸውን የነገረኝ ተሰማ ነው። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። በሩ ላይ እንደ ቆመ በደኅናው ዓይኑ መሬቱን እያየ፣ «እሜቴ፣ ባሻ ዐረፉ» አለኝ። ከተቀበሩ ሁለት ቀን አልፏል። ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ አልኩት። ለባለቤቴ ለቅሶ ሲመጡ ፊቴን እንዳዞርኩባቸው አይቷል። ቢነግረኝ እሄዳለሁ ብሎ አላሰበም። ልክ ነው፤ አልሄድም ነበር።

ባለቤቴ መምህር ገብረ መስቀል ከሞተ ስድስት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዕር ሳነሣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ደብተራ ስለ ነበር ከወንድሞቼ ጋር ፊደል ቆጥሬያለሁ። እጄ ግን ዘገምተኛ ነው፤ በቀን ከግማሽ ገጽ አያልፍም። ባለቤቴን በሰው ፊት አንቱ፣ በጓዳችን አንተ እለው ነበር፤ እዚህ እንደ ጓዳችን እጽፋለሁ። ባሻን ግን አንቱ እላቸዋለሁ። በልቤ አሥራ አንድ ዓመት አንተ ስላቸው ኖሬያለሁና።

አራዳ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ባለቤቴ ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከመምጣታቸው በፊት የገበያው ገራፊ ነበሩ። ቅዳሜ ገበያው ጢም ሲል ፍርደኛው ከዛፉ ሥር በሆዱ ይዘረጋል፣ እጅና እግሩ በጠፍር ይወጠራል፣ ባሻም ጅራፋቸውን በውሃ አርሰው ይመጣሉ። ድምፁ ከጊዮርጊስ ደጅ እስከ ድልድዩ ይሰማል ይባል ነበር። ልጅ ሳለሁ እናቴ በዚያ ስታሳልፈኝ ዓይኔን በነጠላዋ ትሸፍነኛለች። ጆሮዬን የምትሸፍንበት እጅ ግን አልነበራትም። አንድ ቅዳሜ ከነጠላዋ ሥር አጮልቄ ያየሁት የሰውየውን ጀርባ ሳይሆን የባሻን ፊት ነበር። ቆዳ እንደሚፍቅ ሠራተኛ ረጋ ያለ ፊት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከገበያው ከፍ ብሎ በድንጋይ ካብ የታጠረ ግቢ ነው። እኛም እዚያው ግቢ ውስጥ በአንዲት ጎጆ እንኖር ነበር። ተማሪዎቹ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ የወታደር፣ የነጋዴና የሠራተኛ ሰፈር ቀጥቃጮች ልጆች ነበሩ። በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ እንጂ አንድ ላይ አይበሉም። የቀጥቃጭ ልጅ በዓይኑ ይበላል እየተባለ፣ የወታደር ልጆች ምሳቸውን ጀርባቸውን ሰጥተው ይበሉ ነበር። ደወል ሲደወል ወንጭፍ ከየብብቱ ይወጣል። በአንድ መስከረም ከነጋዴዎቹ ልጆች አንዱ በድንጋይ ተፈንክቶ፣ ሦስት ቀን ሳይናገር ሞተ። አስተማሪዎቹም ከልጆቹ አይሻሉም ነበር። ባለቤቴ የፈረንሳይኛውን አስተማሪ የፈረንጅ አሽከር ይለዋል፤ እሱም ባለቤቴን ብል የበላው ብራና ይለዋል። የሚስማሙት በአለንጋ ብቻ ነበር።

ልጁ ከተቀበረ በኋላ የትምህርት ቤቱ ሹም ሲጨንቀው የአራዳውን ገራፊ በዘበኝነት ቀጠረ። ልጆቹ ያን ጧት እንደ በግ ተጠጋግተው ቆሙ። ባሻ በሩ ላይ ቆመው ጅራፋቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ለመጀመሪያው ልጅ ሰጡት። ያዘው፣ አሽትተውና ለሚቀጥለው ስጥ አሉት። ጅራፉ ከእጅ ወደ እጅ ግቢውን ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ በበሩ ወጋግራ ላይ ሰቀሉት።

«ይህቺ ከእኔ ጋር አርጅታለች» አሉ። «አትቀስቅሷት።»

ከልጆቹ አንዱ፣ አበጋዝ የሚባል የወታደር ልጅ፣ ስንት ሰው ገረፉ ብሎ ጠየቃቸው። ባሻም ያኔ መጻፍ ስለማልችል ቁጥሩ አልተያዘም አሉት። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልጆች ፊት ቀኝ እጃቸውን ከትከሻቸው በላይ ሲያነሡ አላየሁም፤ በሩን እንኳ በግራ ነበር የሚከፍቱት።

ሳምንት ሳይሞላ አበጋዝ ተሰማን ቡዳ ብሎ ሰደበው። ተሰማ የቀጥቃጩ የአቶ ሽብሩ ልጅ ነው። ዘሎ አንገቱን አነቀና የግራ ጆሮውን ጫፍ ነክሶ ቆረጠው። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ባሻን ይግረፉ፣ ይግረፉ ይላሉ። ባሻ ሁለቱንም በአንገታቸው ይዘው አነሷቸውና የአንዱን ነጠላ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር ቋጠሩት።

ነገሩ በችሎት የታወቀ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው አንዱ አንዱን ይጠብቃል፤ ቁራኛ ይባላል። የተቋጠረው ሰው ቢጠፋ ወይም ቢሞት ተጠያቂው ሌላው ነው። በልጆች ላይ ሲደረግ ግን አይተን አናውቅም።

አበጋዝ ደሙን እየጠረገ፣ «ዳኛው ማነው?» አለ።

«ዳኛ የለም» አሉ ባሻ። «ሲበቃችሁ ትነግሩኛላችሁ።»

በመጀመሪያው ቀን ተቋጥረው ተደባደቡና ከነቋጠሯቸው ቦይ ገቡ። በሁለተኛው ቀን አበጋዝ ምሳውን ጀርባ ሰጥቶ ለመብላት ቢዞር ነጠላው አጭር ሆነበት፤ ተሰማ እያየው በላ። በሦስተኛው ቀን ጧት በሩ ላይ መጥተው ባሻ ይፍቱን አሉ። ታረቃችሁ ወይ ተባሉ። ተሰማም፣ «አልታረቅንም፤ ግን እሱ ሽንት ቤት ብዙ ይቆያል» አለ። ባሻ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቋጠሮውን ፈቱት። ሁለቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልተለያዩም።

«የተጣላ ሰው ሲርቅ ይከፋል» ይሉ ነበር። «አጠገብህ ሲሆን ላቡ ይሸትሃል። የማን ልጅ እንደሆነ ላቡ አይናገርም።»

አስተማሪዎቹንም አልተዉም። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የባቡር ሐዲድ ስባሪ ነበር። ባለቤቴና የፈረንሳይኛው አስተማሪ በደወሉ ሰዓት እየተጣሉ፣ አንዱ ሲያስደውል ሌላው ልጆቹን አላስወጣም ይላል። ባሻ መዶሻውን ጉያቸው ከተቱና ሁለታችሁም አጠገቤ ካልቆማችሁ ይህ ብረት አይጮህም አሉ። አንድ ሙሉ ጧት ሳይደወል ቀረ። በማግስቱ ሁለቱ ሊቃውንት ከዛፉ ሥር ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ ወደ ጊዮርጊስ፣ ሌላው ወደ ገበያው እያየ፣ ደወሉን ጠበቁ። ከወር በኋላ እዚያው ቆመው ሲያወሩ አየኋቸው።

ባለቤቴ ከአለንጋው ጋር ግን አልተለያየም። ባሻ አንድ ቀን በእኔ ፊት፣ «የኔታ፣ እጅዎ ሲቆም የአለንጋዋ ጫፍ አትቆምም። እኔ ሃያ ዓመት ተምሬው ነው» አሉት። ባለቤቴ፣ «የአራዳ ገራፊ ደግሞ ሊያስተምረኝ ነው?» አለ። ባሻ እጅ ነሥተው ወደ በራቸው ተመለሱ። ይህን ስድብ ልብ አልኩት፤ በኋላ ክፉ ሐሳብ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ባለቤቴ አባቱ በእጁ የጻፈለት ዳዊት ነበረው። የሆሳዕና ሰሞን፣ ዓርብ፣ ልጆቹ ለበዓሉ ሊበተኑ ሲሉ መጽሐፉን ገለጠና አንድ ቅጠል ተቆርጦ አገኘ። ክፍሉን ፈተሸ። ብራናው ለወንጭፍ መያዣ ተደርጎ በተሰማ ብብት ተገኘ። ማን ሰጠህ ብሎ ጠየቀው። ተሰማ ዝም አለ። ባለቤቴ ያለውን እኔም በጎጆዬ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ሙት ነው ብዬ አልሸሽግም። «የቡዳ ልጅ መጽሐፍም ይበላል» አለ። ከዚያ አለንጋው ይሰማኝ ጀመር። ስድስት ሰባት ጊዜ ጮኸ። ቀጥሎ የመጣው የልጅ ጩኸት አልነበረም፤ እንደ ቆሰለ እንስሳ ነበር። ሮጬ ስገባ ተሰማ በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። ደምና ነጭ ነገር በጣቶቹ መካከል ይወርዳል። ባለቤቴ አለንጋውን እንደ ያዘ ቆሟል። የአለንጋውን ጫፍ ነበር የሚያየው።

ልጁን ባሻ ተሸክመው ወደ ቤቱ ወሰዱት። ብዙ ሳይቆይ አባቱ መጣ። አቶ ሽብሩ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ ሰው ነው። ቆዳ ሽርጡን አላወለቀም፤ የብረት መዶሻውን ይዟል። ልጆቹ መንገድ ለቀቁለት። ባለቤቴ ከጎጆአችን ደጃፍ ቆሞ ነበር፤ ሊሸሽ አልሞከረም። እኔ ፊቱ ቆምኩ፤ ሽብሩ በአንድ እጁ ገፍቶ ጣለኝ። መዶሻው ወደ ላይ ሲነሣ ከመሬት አየሁት።

«በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ መጣ።

በዚያ ዘመን ይህን ቃል ሰምቶ እጁን የማይመልስ ሰው አልነበረም። የሽብሩ ክንድ አየር ላይ ቀረ። ባሻ ከበሩ ሮጠው መጥተው፣ ሳይናገሩ የሽብሩን ነጠላ ከባለቤቴ ነጠላ ጋር ቋጠሩት። ደም ያለበት እጃቸው ቋጠሮውን አቀላው።

«አሁን እስረኛህ ነው» አሉት። «ቢሞትብህ ትጠየቅበታለህ። ዳኛ ፊት በሕይወት አቅርበው።»

ሽብሩ መዶሻውን ጣለና አለቀሰ። ከሆሳዕና ዋዜማ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ችሎት አይውልም ነበር። ስለዚህ ባለቤቴን በቋጠሮ እየጎተተ ወደ ሠራተኛ ሰፈር፣ ወደ ቤቱ ወሰደው። አሥራ ሰባት ቀን ቆዩ።

እነዚያን ቀኖች እንዴት እንደ ዋልኩ አላውቅም። ባለቤቴ በቀጥቃጭ ቤት ውሃ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኔም እንደዚያ ነው ያደግሁት። በየቀኑ ንፍሮና ዳቦ ይዤ እሄድና ከደጃፉ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ ደጃፉን አልተሻገርኩም። የሽብሩ ሚስት አንድ ጊዜም ሳትከፋ ሌማቴን አጥባ ትመልስልኛለች። በትንሣኤ ዕለት ድፎ ዳቦ ጨምራ ላከችልኝ። ለውሻ ሰጠሁት። ይህንንም እጽፈዋለሁ።

ውስጥ የሆነውን የማውቀው ባለቤቴ ካወራልኝ ነው። ከልጁ መደብ አጠገብ ከሽብሩ ጋር በአንድ ቆዳ ላይ ይተኛ ነበር። ልጁ ሲያቃስት ሽብሩ ሲነሣ፣ ቋጠሮው ይስበዋልና እሱም ይነሣል። ጨርቁን በየተራ ይቀይሩለታል። በመጀመሪያው ቀን አልበላም አለ፤ በሁለተኛው ቀን ራበው፤ ከአንድ ገበታ በላ። በስቅለት ዕለት ጊዮርጊስ አየኋቸው። ከቅጽሩ ጥግ፣ ቀጥቃጮቹ ከሚቆሙበት፣ ተቋጥረው ይሰግዳሉ። አንዱ ሳይነሣ ሌላው መነሣት አይችልም። መጀመሪያ ይጎታተቱ ነበር፤ ወደ ማታ ግን እኩል ይወድቃሉ፣ እኩል ይነሣሉ።

ያን ቀን ተስፋ አደረግሁ። ይምረዋል አልኩ።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ዳኛው ተቀመጡ። ሕጉ ዓይን ስለ ዓይን ይፈቅድለት ነበር። ሽብሩ ግን፣ «ዓይኑን አልፈልግም፤ ልጄ ዳዊት ይማርበታል» አለ። «ግን ዝም ብዬ ብሄድ ልጄ ምን ይለኛል? በአለንጋ ነው የጠፋው። ግርፋት ምን እንደሆነ ይወቅ።» ዳኛው በገበያው መካከል ሠላሳ ጅራፍ ፈረዱ። የአራዳው አዲስ ገራፊ ወደ ፊት ሲራመድ፣ ከሕዝቡ መካከል ባሻ ይግለጡ ወጥተው መሬት ሳሙ።

«ጌታዬ፣ እኔ ልግረፈው» አሉ።

ማንም አላስገደዳቸውም፤ ራሳቸው ለመኑ። ያን የስድብ ቀን አስታወስኩ። ተበቀለ አልኩ።

ባለቤቴን ከዛፉ ሥር በሆዱ አስተኙት፤ ወጠሩት። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወጥቷል። የፈረንሳይኛው አስተማሪ ቆቡን አውልቆ ይዟል። ተሰማ ራሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአባቱ ጎን ቆሟል። ባሻ ከወጋግራው ያወረዱትን ጅራፍ በውሃ አርሰው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያላነሡትን ቀኝ እጃቸውን አነሡ።

አላባበሉም፤ እጃቸውን አላቀለሉም። የመጀመሪያው ሲያርፍ የባለቤቴ ቆዳ ተከፈተ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። በአምስተኛው ጮኸ። በሰባተኛው ስሜን ጠራ። ሴቶች ያዙኝ። ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ደሙ በጎኑ እየወረደ አቧራውን ያጠቁራል፣ የባሻ ፊት ደግሞ ልጅ ሳለሁ ያየሁት ያው ፊት ነው። ቆጣሪው አሥራ አንድ ሲል አበጋዝ ከልጆቹ መካከል ወጣ። ነጠላውን ጣለና ሸሚዙን በራሱ ላይ ገፈፈ።

«ዳዊቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «እሱ እኔን ላለማውጣት ነው ዝም ያለው። የቀረውን ለእኔ አድርጉት።»

 ባሻ ግን ጅራፉን ለአሥራ ሁለተኛው አነሡ። ያን ጊዜ ሌላ የልጅ ድምፅ፣ ቀጭን ሆኖ፣ «ባሻ ይቁሙ» አለ።

ባሻ ዞር ሳይሉ፣ «ማነው አቁም ያለኝ? እኔ የዳኛ ቃል ነው የያዝኩ» አሉ።

«ባለ ዓይኑ ነኝ» አለ ተሰማ።

ጅራፉ ወረደ። ዳኛው ሽብሩን አዩት። ሽብሩም፣ «ልጄ ካለ አለ» አለ። ባለቤቴን ከጠፍሩ የፈቱት አበጋዝና ተሰማ ናቸው። በቃሬዛ ሲወስዱት ባሻ እዚያው ዛፉ ሥር ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው ነበር። በአጠገባቸው ሳልፍ ተፋሁባቸው።

ባለቤቴን ሦስት ወር አስታመምኩት። ጀርባውን በጨው ውሃ አጥቤ፣ ማርና ቅቤ እየቀባሁ፣ አሥራ አንዱን ሰንበር ለየብቻ አወቅኋቸው። ከትከሻው ይጀምሩና ወደ ታች ጣት ጣት ያህል እየተራራቁ ይወርዳሉ። አንዱ አንዱን አይነካም። አባቴ ብራና ከመጻፉ በፊት በወስፌ መስመር ያሰምር ነበር፤ ልክ እንደዚያ ነው። ያ እኩልነት ይበልጥ አንገበገበኝ። በባሌ ጀርባ ላይ የእጁን ጥበብ አሳየ አልኩ። ስሙ በዚህ ቤት አይጠራ ብዬ ማልሁ፤ ባለቤቴ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ተነሥቼ እወጣ ነበር።

እሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ፤ አለንጋ ግን ከእጁ ወጣ። በየማታው ሄዶ በሩ ላይ ከባሻ ጎን ይቀመጥና ፊደል ያስቆጥራቸዋል። በየዓመቱ መስከረም ልጆቹም አስተማሪዎቹም ከማይወዱት ሰው ጋር አንድ ቀን ተቋጥረው እንዲውሉ ሥርዓት አወጡ፤ የቋጠሮ ቀን ይባላል፤ እስከ ዛሬም አለ። እኔ ያን ቀን በሬን ዘግቼ እውላለሁ።

ሐሙስ ዕለት ለተሰማ (አሁን እሱም እዚያው አስተማሪ ነው) ዳቦ አቀረብኩለትና የዚያን ቀን ግርፋት ነገር ባሻ አንስተውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እሜቴ፣ አዲሱን ገራፊ ያስታውሱታል?» አለኝ። «በዚያ ዓመት ሠላሳ የተፈረደበት ሰው ከእጁ ቆሞ አልሄደም። ባሻ ይሉ ነበር፣ ጅራፍ የሚገድለው በተመታበት ላይ ሲደገም ነው። የየኔታን ጀርባ በዓይናቸው ለክተው ለሠላሳው ሁሉ ቦታ አስቀምጠው ነበር። እኔ ባላስቆምም የኔታ ይድኑ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላባበለም? ለምን ቀለል አላደረገለትም?»

«ይህንን እኔም ጠይቄአቸዋለሁ። ባባብል አባትህ ያውቃል፤ ያ መዶሻ ሌላ ቀን ይመለስ ነበር አሉኝ።»

የኔታስ ያውቅ ነበር ወይ አልኩት። ተሰማ ዳቦውን እየቆረሰ፣ የኔታ እዚያው ተዘርግተው ሳሉ፣ በአራተኛው ላይ እንዳወቁ ነግረውኛል አለ።

ሦስት ወር ሙሉ በእጄ ስዳስሰው የነበረውን ነገር አሥራ አንድ ዓመት ሳላነበው ኖርኩ። ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ።

ሲነሣ፣ የባሻ አርባ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ እንደ ቋጠሮው ቀን ሁለት ሁለት ሆኖ ከአራዳ እስከ መቃብራቸው እንደሚሄድ ነገረኝ። ማን ከማን ጋር ብዬ ጠየቅሁት። ሁሉም ከተቀያየመው ጋር ነው አለ። የተቀያየምኩት ሰው ከአፈር በታች ነው አልኩት።

«አባቴ አለ» አለኝ ተሰማ። «ዓይኑ በፍሙ ደክሟል፤ መሪ ይፈልጋል። እሜቴ ደጃፋችንን ተሻግረው አያውቁም።»

አርባው ነገ ነው። ይህችን ገጽ ስጨርስ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ጧት ወደ ሠራተኛ ሰፈር እወርዳለሁ፤ ድፎ ደፍቼ በሌማቱ አድርጌዋለሁ። ከሣጥኔም ዘርፉ ረጅም የሆነውን ነጠላ አውጥቻለሁ፣ ቋጠሮ እንዲይዝ።